ከካርቱም ወዲያ

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፦ እናቴ ከመስኮቱ ሥር መደብ ላይ ጋደም ብላ፣ ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዘው፣ እኔ ደግሞ ካርታው ከተለጠፈበት ግድግዳ አጠገብ ቆሜ። አራተኛ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትጠይቁኝ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አምናለሁ አልልም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፣ አሰላ። ወንድሜ ለትምህርት ከአዲስ አበባ በካርቱምና በካይሮ አድርጎ ወደ አቴንስ ለመብረር በዚያ ዕለት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቷል፣ እናቴም ገና ከተስቦ ያገገመች ሴት፣ «ልጄ አቴንስ መሬት እስኪረግጥ እህል ውሃ አልቀምስም» ብላ ለማርያም ቃል ገብታለች፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግን ባዶ ሆዷን እንዳትውል አጥብቆ አስጠንቅቆን ነበር። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፣ የሳልሁትን ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ከአዲስ አበባ እስከ አቴንስ ክር በሊጥ አጣብቄ፣ አስተማሪያችን በነገሩን ፍጥነት አስልቼ አንዱን ሰዓት አንድ ጣት አደረግሁት፣ ዘጠኝ ጣት ሆነ፤ ካርቱምና ካይሮ ላይ ለማረፊያው መርፌዋን አንድ አንድ ሰዓት አቆማታለሁ። መርፌ በክሩ ላይ በየሰዓቱ እያስኬድሁ ልጇ የደረሰበትን አሳያት ነበር።

«ልጁ የሚሄደው በአውሮፕላን ነው ወይስ በክር?» እያሉ አደ ፋጡማ ይስቁብኛል።

እስከ ካርቱም ደህና ሄድን። አራት ሰዓት ላይ መርፌዋን ወደ በረሃው አንድ ጣት አስኬድኋት፣ እንጨት ይዤ ስመለስ ካርቱም ላይ ተሰክታለች።

«አደ፣ እርስዎ ነዎት የነኩት?»

«ያ ረቢ! በዚህ ጉልበቴ? እኔን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል!»

ወደ በረሃው መለስኋት። ጀርባዬን ሳዞር ጠቅ አለ፣ መርፌ ወረቀት ስትበሳ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ዞሬ ባይ ካርቱም። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። እመኑኝ፣ ነፋስ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእናቴ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ስጠራትም የምትመልስልኝ ዘግይታ ነው። በስሌቴ ገና ሁለት ጣት ይቀራል። መርፌዋን ወስጄ አቴንስ ላይ ሰካኋት።

«እማዬ፣ ደረሰ።»

«መሬት ረገጠ?»

«ረገጠ።»

ያሞቅሁላትን አጥሚት ሰጠኋት። አንድ ጊዜ እንደ ተጎነጨች ጠቅ አለ። አደ ፋጡማም ሰሙ፤ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ሳይሰናበቱን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እናቴ ስትተኛ ካርታውን ልጬ ወደ ብርሃኑ ያዝሁት። እስከ ካርቱም የሰካሁባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ አሉ፣ ከካርቱም ወዲያ ግን፣ በረሃውም ላይ አቴንስም ላይ፣ ወረቀቱ አልተነካም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከወንድሜ ቴሌግራም መጣ፣ ለእናቴ አነበብሁላት። «ትናንት ካርቱም ወርደን ቀረን። የአሸዋ ነፋስ አለ። መቼ እንደምንነሣ አይታወቅም» ይላል።

እናቴ ካርታው ወደ ነበረበት ግድግዳ ዞረች።

«ታዲያ እኔ አጥሚቱን ስጠጣ ልጄ የት ነበር?»

ውሃ ልቀዳ ብዬ ባልዲውን አነሣሁና ወጣሁ።