እየሰማች ነው

ምንትዋብ ጃፓንኛ የተማረችው ጨረቃ ላይ ነው። ጃፓንን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ጃፓናዊም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በድምፁ። ኢሺዳ ቶሩ ይባላል፤ ከሳተርን በመመለስ ላይ ያለችው የ«ሃሩካዜ» መርከብ ጠባቂ ነው። ሃሩካዜ በእነሱ ቋንቋ የጸደይ ነፋስ ማለት ነው። ባልደረቦቹ በሙሉ በእንቅልፍ ሳጥኖቻቸው ውስጥ ተኝተዋል፤ እሱ ብቻውን ነቅቶ ሁለት ዓመት ጠብቋቸዋል። በየቀኑ ሪፖርት ይልካል፤ ምንትዋብ ጨረቃ ጣቢያ ቁጭ ብላ ትቀበለዋለች። ምንትዋብ-ሳን ይላታል። «ሳን» ለአክብሮት ከስም ቀጥሎ የሚገባ ነው፤ በሀገሯ እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው ስለሌለ ደስ ይላት ነበር።

ሪፖርቱን የሚተረጉመው ቱርጁማን የሚሉት መሣሪያ ነው። የእሷ ሥራ እሱን ማረም ነው፤ ማረም ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጨቃጨቅ ነው። በጃፓንኛ በመካሄድ ላይ ያለ ነገርና አልቆ እንዳለ የቆየ ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት አነጋገር ይነገራሉ። «እየለበስኩ ነው»ም «ለብሻለሁ»ም አንድ ሆነው ይወጣሉ። ጃፓኖቹ በሁኔታው ይለዩታል፤ አማርኛ ግን አንዱን ምረጪ ብሎ ያስጨንቃል። ቱርጁማን ሳያመነታ ይመርጣል። ምንትዋብን የሚያናድዳትም ይሄ አለማመንታቱ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። የመርከብ ሠራተኞቹ ከጥንት የባቡር ነጂዎቻቸው የወረሱት አንድ ልማድ አላቸው። አንድ ነገር ሲፈትሹ በጣታቸው ይጠቁሙና ስሙን ጮክ ብለው ጠርተው «ዮሺ!» ይላሉ፤ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው እንደ ማለት። ኢሺዳ የሚሰማው ሰው ሳይኖርም ይህን አልተወም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሪፖርቱ ዮሺ በዮሺ ሆነና ጣቢያው ውስጥ መሳቂያ ሆነ። ምሳ ላይ ማንኪያ እየቀሰሩ «ሽሮ፣ ዮሺ!» የሚሉ በዙ።

«ይሄ ሰውዬ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?» አሉ የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ደምመላሽ። «ከዚህ ሁሉ ጩኸት ገላግይኝ እስቲ።»

ምንትዋብም ለጣቢያው ያልተነገረውን ድምፅ ሁሉ ቱርጁማን እንዲተወው አዘዘች። ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱ ጥርት አለ፤ ማንም ቅር አላለውም።

መርከቧ የሬዲዮ ድምፅ በሁለት ደቂቃ የሚደርስበት ርቀት ላይ ስትገባ ጣቢያው የአቀባበል ዝግጅት ጀምሮ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን በሃሩካዜ የዕቃ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሣ። የመርከቧ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አብሮ ተቃጠለ። እሳቱን የሚያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመርከቧን አየር በሙሉ ወደ ህዋ መልቀቅ። ትእዛዙ ደግሞ ሊሰጥ የሚችለው ከጨረቃ ብቻ ሆነ። የተኙት ሳጥናቸው የራሱ አየር ስላለው አይጎዱም። ኢሺዳ ግን የህዋ ልብሱን ካልለበሰ በቅጽበት ይሞታል።

የቱርጁማን ትርጉም በጣቢያው ሰሌዳ ላይ ወጣ፦ «የህዋ ልብሴን ለብሻለሁ።»

«ለብሷል!» ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን አየሩን ወደሚለቀው ቁልፍ ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ! ገና እየለበሰም ሊሆን ይችላል።»

«ለብሻለሁ ነው የሚለው፣ አታዪውም?»

«እሱ የቱርጁማን ምርጫ ነው። ሰውዬው ያለው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።»

«ልብሱን ለመልበስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። እሳቱ የተኙት ጋ ሊደርስ ነው፤ ሳጥኖቹ እሳት አይችሉም። እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?» ፊታቸው በላብ ርሷል።

ጠየቁት። ጥያቄው ሄደ፤ አራት ደቂቃ አልፎም መልስ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ «ንግግር የለም» የሚል ብቻ ተጻፈ። የመርከቧ ሙቀት መለኪያ እየወጣ ነው።

ምንትዋብ ጽሑፉ ላይ አፈጠጠች። የለም ያለው ማነው? ቱርጁማን ነው። ምን እንዲተው ነበር ያዘዘችው?  ቱርጁማንን አለፈችና ድምፁን እንዳለ ከፈተችው።

መጀመሪያ የእሳቱ ጉምጉምታ ገባ። ቀጥሎ ሳል። ከዚያ የሚያውቁት ድምፅ፣ ጎርነን ብሎ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ጮኸ።

«ጫማ፣ ዮሺ!» ብላ ተረጎመች ምንትዋብ። ትንሽ ቆይታ «የግራ ጓንት፣ ዮሺ!» አለች። «ጋሼ፣ ገና ነው! እየለበሰ ነው!»

ጋሽ ደምመላሽ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። ቅድም ቢጫኑት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለቱም ገባቸው።

«የቀኝ ጓንት፣ ዮሺ!»

«የቀረው ምንድነው?»

«የራስ ቁሩ ብቻ።»

ኢሺዳ ሲያስል ሰሙት። አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። ከዚያ ዝም አለ፤ ሳሉም ቆመ። ጋሽ ደምመላሽ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አይታወቅም። 

ከራስ ቁር ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።  ማስተርጎም አላስፈለገም። «ዮሺ!» የምትለዋን ምሳ ላይ ሲቀልዱባት የኖሩት ሁሉ ያውቋታል።

ቁልፉ ተጫነ። ትእዛዙ ሁለት ደቂቃ ሄደ፤ ወሬውም ሁለት ደቂቃ ተመለሰ። ሙቀቱ ቁልቁል ወረደ። በራስ ቁሩ ሬዲዮ ኢሺዳ እሳቱ መጥፋቱን ተናገረ፤ ድምፅ ማጉያው ስለተቃጠለ ጥያቄያቸውን እንዳልሰማም ነገራቸው። ሰው ተቃቀፈ። ጋሽ ደምመላሽ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ አላፈሩበትምም።

ሲረጋጉ ወደ ምንትዋብ ዞሩ። «እስከ ዛሬ የጣልነውስ ምን ነበር?»

ያልተነካው ቅጂ ተቀምጦ ስለነበር ከወራት በፊት የነበረ አንድ ጠዋት አወጣች። የእርምጃ ድምፅ ይሰማል። ኢሺዳ ከሳጥን ሳጥን እየሄደ ነው።

«ሳቶ፣ ተኝቷል። ዮሺ!» ብላ ተረጎመች። «ናካሙራ፣ ተኝታለች። ዮሺ!»

አንድ በአንድ፣ ሁሉንም፣ በስማቸው። ድምፁ አልተሰላቸም፤ ዛሬ ገና የተሾመ ይመስላል። ሳጥኖቹ ሲያልቁ እርምጃው ቀጠለና መስኮት ጋ ቆመ።

«ፀሐይ፣ እያበራች ነው። ዮሺ!»

«ምድር፣ እየዞረች ነው። ዮሺ!»

 በዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻውን የቆመ አንድ ሰው ጣቱን ቀስሮ ዓለም በቦታዋ መሆኗን በየጠዋቱ ሲፈትሽ ኖሯል። ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ መተርጎሟን አቆመች።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ምንትዋብ-ሳን» አለች በቀስታ። «እየሰማች ነው። ዮሺ።»

ሌላ ቀን አወጣች። እዚያም አለ። ሌላም ቀን፣ ሌላም። በሁሉም ጠዋት፣ ከምድር ቀጥሎ፣ ስሟ ተጠርቷል። እሷ ግን አልሰማችም ነበር።

«እኛ እሱን የምንጠብቅ መስሎን፤ ለካ እሱ ኖሯል እኛን የሚጠብቀው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። 

ምንትዋብ ተነሥታ ማይክሮፎኑን ከፈተች። የሚያያት ይኑር አይኑር ግድ ሳይላት ክንዷን ዘርግታ ድምፁ ወደሚመጣበት ጠቆመች።

«ኢሺዳ-ሳን፣ በሕይወት አለ» አለች በጃፓንኛ፣ ጮክ ብላ። «ዮሺ!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቃሏ እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ፣ መልሱ እስኪመጣ ሌላ ሁለት ደቂቃ አለ። ምንትዋብ ቱርጁማንን አጥፍታ ቁጭ አለችና መስማት ጀመረች።