የጋሼ ልጅ ገባ

አቶ ወልደመስቀል የሞቱት በሚካኤል ዕለት፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር አሳየሽ ወላይታ ሶዶ ወደሚገኘው ግቢያቸው ስትደርስ በሩን የከፈቱላት ዘበኛው ጋሽ ጩማ ነበሩ። ከሃላሌ ገጠር ወጥተው ለብዙ ዘመን ሶዶ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ነው ኢንስፔክተር? ግባ። እትዬ ውስጥ ነው፣ ያለቅሳል» አሏት።

ከኋላዋ የነበረው ሳጅን ቲቶ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። አሳየሽ አልሳቀችም። ጥቁር ልብሷን ካወለቀች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የሞተበት ሰው ደጃፍ ላይ መሳቅ አይሆንላትም።

ሟቹ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ከአፋቸው የወጣ አረፋ፣ ከወለሉ የፈሰሰ ትውከት የለም። ሸሚዛቸው ግን በላብ ርሶ ከደረቀ በኋላ ጨው ሠርቶበታል። ትራሱም እንደዚያው። ራስጌያቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ተቀምጧል፤ ከአፉ ትንሽ ብቻ ጎድሏል።

«ጎረቤቱ ሁሉ መርዝ ነው ይላል» አለ ቲቶ። «ከትናንት ወዲያ ልጃቸው ባርኮት ከሳቸው ጋር ተጣልቶ ሲጮህ ሰምተውታል። ‹ወይ እሷን አስገባ፣ ወይ እኔንም አታየኝ!› ብሏቸዋል።»

«እሷ ማን ናት?»

«እህቱ ትዝታ። አረካ አስተማሪ ናት። ከእምነታቸው ውጭ አገባች ብለው ከቤት ከልክለዋት ነበር።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቲ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ስኳር ነበረባቸው አይደል እትዬ?»

«አዎ ልጄ። የምወጋውም እኔ ነኝ፤ የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ግን ቅዳሴ ሄድኩ፣ ከዚያም የጽዋ ማኅበር ነበረብኝ። ‹ስመለስ እወጋሃለሁ፣ አብረን እንበላለን› አልኩት። ስመለስ ተኝቷል። እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ተውኩት። ተውኩት። አየሽ? ቀሰቅሰው ነበር እኮ።»

 አሳየሽ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች። ማቀዝቀዣ የለም፤ እንስራው ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነው። ብልቃጦቹን አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ማለቁ ነው። ሌላኛው አዲስ ሲሆን፣ ከውስጡ ጥቂት ብቻ ተወስዷል።

«አዲሱን ማን አመጣው?»

«አዲስ?» አሉ ንግሥቲ። «እኛ አንድ ብቻ ነው ያለን።»

ጋሽ ጩማ በር ላይ ጠበቋት። ቲቶ ቀደም ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ አሁንም የነገሩትን ደገሙላት። «ቀትር ላይ የጋሼ ልጅ ገባ። ትንሽ ቆየ፣ ወጣ። ጋሼ ደስ አለው። ‹ጩማ፣ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ። አሁን ጋሼ ሞተ፣ ለማን ብዬ ዝም ልበል?»

«ይኸው!» አለ ቲቶ። «ባርኮትን ገና ማለዳ አስሬዋለሁ። አረካ ነበርኩ ይላል።»

ጣቢያ ስትገባ ባርኮትን አግዳሚው ላይ ተኮራምቶ አገኘችው። አባቱን ለመቅበር እንኳ ይፈቀድለት እንደሆነ አያውቅም።

«ትናንት ትዝታን ላመጣት ሄድኩ» አላት። «ለመስቀል አባዬ እግር ሥር እንድትወድቅ ልለምናት። በሯ ተቆልፏል። ጠብቄ ጠብቄ ተመለስኩ።»

«የተቆለፈ በር ምስክር ይሆንሃል?» አለ ቲቶ።

«ይሆነዋል» አለች አሳየሽ በቀስታ። ቲቶ ቀልድ መሰለው።

ወደ ግቢው ተመልሳ የቆሻሻውን ጉድጓድ በእንጨት ቆፈረች። ከድንች ልጣጭ ሥር ትናንት የተጣለ መርፌ አገኘች። ክዳኑ ቀይ ነው። መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ይህን መርፌ ከመጽሐፍ አልነበረም የምታውቀው። ባሏን እስኪሞት ድረስ ማታና ጠዋት የምትወጋው እሷ ነበረች።

ጉድጓዱን መልሳ ብትደፍነው ማንም አያውቅም ነበር። ግን ባርኮት ታስሯል።

ከሰዓት በኋላ ትዝታ መርዶ ደርሷት ከአረካ መጣች፤ ከደጅ ጀምራ እየጮኸች ገብታ እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። አሳየሽ ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ባርኮትን አስመጥታ፣ ጋሽ ጩማንም ጠርታ፣ ሁሉንም ሳሎን አስቀመጠች።

ንግሥቲ ልጃቸውን በፖሊስ ተይዞ ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ፍቱት! እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እማዬ!» አለ ባርኮት።

«ዝም በል አንተ። ያን የስኳር መድኃኒት ወተቱ ውስጥ ገልብጬ አጠጣሁት። ጻፍ ሳጅን!»

ቲቶ እስክሪብቶውን አነሳ። የተናገረችው ግን ትዝታ ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ድምፅዋ ግን የክፍል ድምፅ ነበር።

«ውሸቷን ነው። ኢንሱሊን ቢጠጣ ማንንም አይገድልም። ፕሮቲን ነው። ሆድ ከገባ የጨጓራና የአንጀት ኢንዛይሞች እንደ ሥጋ፣ እንደ እንቁላል ቆራርጠው ይፈጩታል። በመርፌ የሚሰጠው ለምን ይመስላችኋል? በየዓመቱ የማስተምረው ነው። እማዬ ባርኮትን ልታድን ነው።»

«በመርፌ ሲሰጥስ?» አለች አሳየሽ።

«ያኔ ሳይቆራረጥ ደም ውስጥ ይደርሳል። መልእክተኛ ነው። በየሴሉ ደጅ ሄዶ ‹ስኳሩን አስገቡ› ይላል፣ እነሱም ይከፍታሉ።»

«መልእክቱ ከልክ ቢያልፍ?»

«ሁሉም ይከፍታል። ስኳሩ ከደም ያልቅና ለአንጎል የሚቀር...» ቆመች። «ሰውየው ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይወስደዋል።»



አሳየሽ ወደ ጋሽ ጩማ ዞረች። እሷም እዚያው ወላይታ፣ በዴሳ ተወልዳ ያደገች ናትና በወላይትኛ አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሳያመነቱ በወላይትኛ መለሱላት። ባርኮት አንገቱን ቀና አደረገ፤ ንግሥቲ ነጠላቸውን ለቀቁ።

«ሳጅን» አለች አሳየሽ፣ «ጠዋት ጋሽ ጩማ እኔን ‹አንተ› ሲሉኝ ሳቅክ። እትዬን ‹ያለቅሳል› ሲሉ ሳቅክ። ‹የጋሼ ልጅ ገባ› ሲሉ ግን ወንድ ልጅ አሰርክ። በራሳቸው ቋንቋ ሴትና ወንድ አይምታታባቸውም። አሁን የነገሩኝ ‹መጣች› ብለው ነው።»

«እኔ ባርኮት አልኩ እንዴ?» አሉ ጋሽ ጩማ ግራ ተጋብተው። «ልጅ ነው ያልኩ።»

«ባርኮት አረካ በር ላይ ሲጠብቅ እህቱ ያልነበረችው እዚህ ስለነበረች ነው። መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ትዝታ፣ አዲሱን ብልቃጥ ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ» አለች ትዝታ። «ሶዶ መድኃኒቱ ጠፋ ሲባል ሰምቼ ከአዲስ አበባ አስመጣሁለት። እንዲያው በር ላይ ሰጥቼ ልመለስ ነበር። አስገባኝ። ‹ለመስቀል ሽማግሌ ፊት እታረቅሻለሁ፣ እስከዚያ ለእናትሽም አትንገሪ፣ ላስደንቃት› አለኝ። ወጋሁት። ወተት ቀዳሁለት፤ ‹እናትሽ ስትመጣ አብረን እንበላለን› ብሎ ቀመስ አድርጎ ተወው። ሌላ ምን አደረግኩ?»

«በየትኛው መርፌ ወጋሽው?»

«ቤት ባለው። ‹እንደ ሁልጊዜው ሠላሳው መስመር ድረስ› አለኝ።»

አሳየሽ ቀይ ክዳን ያለውን መርፌና ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ በዝግታ ተናገረች።

«የድሮው ብልቃጥ ላይ አርባ ይላል፤ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ነው። ይህ መርፌ የተሠራው ለሱ ነው። አዲሱ ላይ መቶ ይላል፤ የራሱ መርፌ አለው፣ ክዳኑ ብርቱካናማ ነው። መስመሩ ያው ሠላሳ ነው። ውስጡ ያለው ግን...»

መጨረስ አላስፈለጋትም። ትዝታ ብልቃጡን አንስታ አየችው። ከንፈሯ በዝምታ ሲያሰላ ታየ። አስተማሪ ናት፤ ስሌቱ አልከበዳትም።

«ሁለት እጥፍ ተኩል» አለች።

«ገዳይ የለም» አለች አሳየሽ። «የምጽፈው ይህንኑ ነው። ባርኮት፣ አባትህን ቅበር።»

ትዝታ የሰማች አይመስልም። ቀኝ እጇን ከፍታ ትመለከት ነበር።

«‹የእናትሽ እጅ ያማል፣ ያንቺን አልተሰማኝም› አለኝ» አለች። «ስወጋው ሳቀ። ‹ይቺን እጅ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የከለከልኩ?› አለኝ።»

ንግሥቲ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ባርኮት ሊመቷት ነው ብሎ ፈርቶ ሳይሆን አልቀረም፣ በመካከል ቆመ። እናቱ ገፍተውት አለፉ፣ የትዝታን መዳፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ጉንጫቸው ላይም አድርገው አልለቀቁትም።

አሳየሽ ወደ ግቢው ወጣች። ጋሽ ጩማ ተከትለው በሩን ሊከፍቱላት መጡ፣ ፊቷን አዩና ቆሙ።

«አንተም አለቀስክ?» አሏት።

«አዎ ጋሽ ጩማ» አለች። «አለቀስኩ።»