መርፌዬ የጫረው መንጋጋ

እሱ ዶክተር፣ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ ቆፍሮ ያመጣውን አጥንት በመርፌና በብሩሽ ከድንጋይ የማላቅቅ ሠራተኛ። በሙዚየሙ ምድር ቤት ሁሉም «እጀ ወርቅ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን እጄ ሳተ። የአንድ ጥንታዊ እንስሳ መንጋጋ ሳጸዳ ዶክተሩ በበሩ ገባ፤ ቀና ብዬ አየሁት፤ መርፌው አዳለጠኝ። አጥንቱ ላይ ቀጭን ጭረት ቀረ። እናገራለሁ ብዬ ነበር። ግን ደንግጬ አፈር በጥብጬ ቀባሁበት።

በሳምንቱ ማጉያ መነጽሩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ነይ እዪ! የጥርስ ምልክት ነው! አውሬ ግጦታል!»

ደስታው የሕፃን ነበር። እውነቱን በመናገር ፈንታ ማጉያ መነጽሩን ተቀብዬ አብሬው አየሁ።

በዚያች ጭረት ስሙ ገነነ። ጻፈ፣ ተጠቀሰ፣ ባሕር ማዶ ተጋበዘ። በተመለሰ ቁጥር ወደ ምድር ቤት እየወረደ አጠገቤ ይቀመጣል። «እርስዎ» ማለቴ ቀስ በቀስ «አንተ» ሆነ። እጄን ሲይዘኝ ጣቶቼን እሰበስባለሁ።

«አንቺ ዓይን አፋር!» ይለኛል እየሳቀ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ከሰዓት፣ «እሁድ መጥቼ እናትሽን ላነጋግራት ነው» አለኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ጭረቱ የአውሬ አይደለም። የኔ ነው። አፈር የቀባሁትም እኔው ነኝ።»

 መንጋጋውን ከሳጥኑ አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ረጅም ጊዜ አየው። ጆሮዎቹ ሲቀሉ አየሁ።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«አፈርኩ።»

«እኔስ? ማየት እኮ ነው ሥራዬ። ማየት የፈለግኩትን ብቻ አየሁ።»

ኮቱን እንኳ ሳይዝ ወጣ።

እሁድ አልመጣም። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ እስኪመሽ ጠበቀች። «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። 

በወሩ ባልደረቦቹን አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ምልክቱ የአውሬ ጥርስ ሳይሆን የመሣሪያ ጭረት ነው። ጽሑፌን ስቤያለሁ» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር፣ «ታዲያ ማን ነው የጫረው?» ብለው ጠየቁት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አትፈልጉ።»

ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አሁንም ዝም ልበል? ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ። ጫርኩት፣ ቀባሁት፣ ዝም አልኩ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ሳቀ። እሱ ግን ከመድረኩ ላይ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

ስወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እናትሽ ተቀይማኛለች?»

«በጣም።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድና ሁለታችንንም ትቆጣን።»

ተቆጣችንም። እሱን ቀጥሮ በመቅረቱ፣ እኔን በመዋሸቴ፤ ከዚያ መረቀችን።

ሁለት ዓመት ሙሉ አጥንት እንዳልነካ ተከለከልኩ። እሱ በዚያ ጊዜ የጥርስን ምልክት ከመሣሪያ ጭረት የሚለይ መጽሐፍ ጻፈ፤ ዛሬ የሙያው ተማሪ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። ለአዲስ ተማሪዎች የሚነግራቸው የመጀመሪያ ነገር፣ «ጭረት ስታዩ አስቀድማችሁ የራሳችሁን እጅ ጠርጥሩ» የሚል ነው። እነሱ ይጽፋሉ። እኔ፣ ሚስቱ፣ ከጥግ ሆኜ ስሰማው ዛሬም ፊቴ ይግላል። እሱም ያውቃል፤ ትምህርቱን ሲጨርስ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል።