«ሰዓቱን ነክተውታል»

የሀብቴ አስከሬን በፓምፑ ክፍል ወለል ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ሀብቴ በወልቂጤ የአንድ የግል ኮሌጅ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ጠዋት የውሃ ፓምፑን ሲጠግን ኤሌክትሪክ ያዘው። ጥበቃው ሳኒ በደረቅ እንጨት ሲያላቅቀው አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ አረፈ፤ «ሰዓቱን ነክተውታል።»

ኢንስፔክተር ሰልሚያ ክፍሉን መረመረች፤ ሳኒንም ለብቻው አነጋገረች። ቀጥላ የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ የሚቀመጥበትን ቢሮ የሚጋሩትን ሦስት መምህራን በየተራ ጠየቀች። «የትኛውን ሰዓት ማለቱ ይመስልዎታል?»

«ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው፤ የሀብቴ እንቅልፍ ተዛብቶ ነበር» አለች የባዮሎጂዋ ኤልሳቤጥ።

የፊዚክሱ ኢስሀቅ ፈገግ አለ። «እውነተኛው ሰዓት የአቶም ንዝረት ነው፣ ኢንስፔክተር። ሟቹ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ሰልሚያ ተጸየፈቻቸው። ሰው ሞቶ እነሱ እውቀታቸውን ያሳያሉ።

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ይታገሱ ግን በአጭሩ መለሰ። «ፓምፑን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሰዓት ነዋ። ራሱ አሳስቶ ሞልቶት ይሆናል። ከጥገና ሠራተኛ ምን ይጠበቃል?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን፣ ሳኒንና የሟችን ሚስት ደብሪቱን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኤልሳቤጥና ኢስሀቅ ከራሳቸው ሙያ ወዲያ አይታያቸውም» አለች። «ዛሬ ያዳናቸው ይኸው ነው። አቶ ይታገሱ፣ በእርስዎ ሙያስ ሰዓት ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተሩን ሥራ የሚመራ ምት ነው።»

«ታዲያ እሱን ለምን አላሉኝም?»

«ፓምፕ ክፍል ስለሞተ ገመትኩ።»

«ፓምፑ እስከ ትናንት በእጅ ነበር የሚበራው። ሰዓቱን ሀብቴ ትናንት አመሻሽ ላይ ገጥሞ ክፍሉን ቆለፈ፤ ያየው ሳኒ ብቻ ነው። ጠዋት እንደሚጠግን ግን ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ጥገናውን እስኪጨርስ መብራቱን እንዲያጠፋለት ሰዓቱን ሞልቶ ነበር። አንድ ሰው ቀድሞት ገብቶ ሰዓቱን አዛወረው፤ እጁ ሽቦ ላይ ሳለ መብራቱ መጣ። ሳይገቡ ሰዓት መኖሩን በምን አወቁ?»



«ጠዋት ቁልፉ ቦታው አልነበረም» አለች ኤልሳቤጥ ቀስ ብላ። «ኋላ የመለሰው ይታገሱ ነው።»

ደብሪቱ ቀና አለች። «ይህ ሰው መስመሩ ሳይፈተሽ ባስከፈተው ወርክሾፕ አንዲት ተማሪ ኤሌክትሪክ ገድሏታል። ባሌ ሊመሰክርበት ነበር።»

«በአንድ ዘበኛ ቃል ልትከሱኝ ነው?» አለ ይታገሱ።

«በራስህ ቃል ነው» አለች ሰልሚያ፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታ።

ፖሊሶቹ ይታገሱን ወሰዱት። አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገሩ አገና የሚያደርሰው መኪና ሲመጣ ኢስሀቅና ኤልሳቤጥ ቃሬዛውን ሊያነሱ ተጠጉ። ደብሪቱ እጃቸውን አስለቅቃ ሳኒን ጠራችው።