ፊልትሮውን ያሰረችው ኢንሳፍ ናት

«ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እንድሪስ ይህን የጠየቀው አንድ እግሩን ከሚኒባሱ አውጥቶ፣ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ነው። ከሱብሂ ሶላት መመለሱ ነበር፤ ከሐይቁ የተነሳው ጉም ገና ግቢውን አልለቀቀም። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ግን ለአራት ለአምስት ሰከንድ ያህል ጠጠር በጣሳ ሞልተው የሚንጡት ይመስል ተንኳኳ። የዘይቱ ቀይ መብራትም ቶሎ አልጠፋ አለ። ከዚያ ድምፁም መብራቱም አብረው ጠፉና ሞተሩ ለስለስ ብሎ መሥራት ጀመረ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጁ ኢንሳፍ የመኪናውን መስታወት በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታውቃለች። ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሰዓቱን ንገሪ ብትባል እንኳ ትናገራለች።

«እኔ እንጃ አባ» አለች ጨርቁን እየጨመቀች። «ብርዱ ይሆናል።»

እንድሪስ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ልጁን አምኗት ነው ዝም ያለው፤ ለእሷ የባሰው ያ ነበር።

እንድሪስ ከሐይቅ ደሴ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። መስከረም ሲጠባ የሞተሩን ዘይትና የዘይቱን ማጣሪያ መቀየር ደንቡ ነበር፤ ማጣሪያውን ሹፌሮች ፊልትሮ ይሉታል፣ ትንሽ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው። በየዓመቱ የግሸን ተሳላሚዎችን እስከ ተራራው ግርጌ ስለሚያደርስ፣ «የማርያምን እንግዳ በቆሸሸ ዘይት አልጭንም» ይላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቹም ይስቁለታል። በዚያ ዓመት ግን ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጥቶ በመንገዱ የሚወርደው ተሳላሚ ሳይሆን ተፈናቃይ ሆነ። የኢንሳፍ ትምህርት ቤትም ክፍሎቹ በተፈናቃዮች ተሞልተው ሳይከፈት ቀረ። በዚህ ሁሉ ሩጫ መሀል ዘይቱ ሳይቀየር ጥቅምት ገባ። ያኔ ነው ኢንሳፍ «ዘንድሮስ ለብቻዬ ልቀይረው» ያለችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጎን መኪና ሥር ተኝታ መፍቻ ስታቀብል ኖራለች። እሱም መረቃትና ለለቅሶ ወጣ። የጎረቤት ልጅ፣ ጓደኛዋ ሱረያ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታላግጥባት ጀመር።

«መካኒኳ፣ ይኸ ጥፍርሽ በምን ሳሙና ሊጠራ ነው? ማን ያገባሻል እንግዲህ?»

«አንች ባል ጠብቂ» አለቻት ኢንሳፍ ከመኪናው ሥር። «ስትዳሪ በዚህ መኪና የማጅብሽ እኔ ነኝ።»

አዲሱን ፊልትሮ ከካርቶኑ ስታወጣው ከቀዳዳዎቹ በአንዱ የማሸጊያ ላስቲክ ቁራጭ ተሰንቅሮበት አየች። በጣቷ ቢያስቸግራት ካቻቢቴ ከትታ ጎረጎረችው። ላስቲኩ ወጣ። አብራው ግን ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ ወጣች። ኢንሳፍ ምን እንደሆነች ወዲያው ገባት፤ አባቷ ስለዚያች ጎማ ነግሯታል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ተመልሶ እንዳይወርድ የምትይዘው እሷ ናት። ከተቀደደች መኪናው ቆሞ ባደረ ቁጥር ዘይቱ እየወረደ ያልቅና ሞተሩ ጧት ደረቁን ይነሳል።

ሌላ ፊልትሮ የሚገኘው ደሴ ነው። ለብቻዬ ልሥራ ያለችው እሷ፣ ሱረያ ደግሞ አጥሩ ላይ ሆና ታያታለች። ጎማዋን ቁልቋሉ ውስጥ ወረወረችና ፊልትሮውን አሰረችው። እንድሪስ ሲመለስ በእጁ ዳሰሰ፣ አንዲት ጠብታ አለመንጠባጠቧን አየ፣ ደስ አለው። ያን ዕለት ያገኘውን ሰው ሁሉ «የዘንድሮውን ፊልትሮ ያሰረችው ኢንሳፍ ናት» ሲል ዋለ።

ከዚያ በኋላ ለስምንት ቀን አባቷ ከመስጊድ ሳይመለስ ቀድማ እየተነሳች ሞተሩን የምታስነሳው እሷ ነበረች። እናቷ ሀዲያ ልጄ በረታች ብላ ዱዓ ታደርግላታለች። ኢንሳፍ የምትነሳው ግን ያን ድምፅ ከእሷ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ነበር። በዘጠነኛው ቀን እንድሪስ ከልማዱ ቀደም ብሎ ገባ።

በማግሥቱ መካኒኩን ሙሐዲንን አመጣው። ሙሐዲን ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ያንን መንኳኳት አዳመጠና ከንፈሩን መጠጠ። ዘይቱን ለካ፤ ሙሉ ነው። ስለ ፊልትሮው ጠየቀ።

«እሱስ አዲስ ነው» አለ እንድሪስ ወደ ልጁ እያየ። «ያሰረችውም ኢንሳፍ ናት። በሱ አትጠራጠር።»

ሙሐዲንም አልተጠራጠረም። ሞተሩ ከውስጥ እያለቀ ነው፣ መውረድና መከፈት አለበት አለ። ሰው ሞልቶ የደሴን ዳገት ማውጣት የማይሆን ነገር ነው፤ እመንገድ ላይ ነክሶ ቢቆም ያንን ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ይጥላል። ኢንሳፍ አጠገባቸው ቆማለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየቀረበ መጣ። የሐይቅ ሰው ዕቃውን መቋጠር ያዘ። የሱረያ እናት እትዬ መስኡዳ እግሯን እየጎተተች፣ በልጇ ትከሻ ተደግፋ መጣች። ነገ የምትወጡ ከሆነ እኛንም አስቡን፣ እኔ በእግሬ የምሄድ ሰው አይደለሁም ስትል እንድሪስን ለመነችው።

እንድሪስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሞተሩ መታመሙን፣ የሰው ነፍስ ይዞ ዳገት ላይ መቆም እንደሚፈራ አስረዳት። ለሀዲያና ለኢንሳፍ እንኳ ጧት በሚሄድ አይሱዙ ላይ በልመና ሁለት ቦታ ማግኘቱን፣ እሱ ግን መኪናውን ጥሎ እንደማይሄድ ነገራት።

«አብሽር እንድሪስ» አለች እትዬ መስኡዳ። «ብረት ነው፣ ምን ታረገዋለህ።»

ሱረያ ወደ ኢንሳፍ ዞረች። እንደ ወትሮው ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምጿ ግን አልታዘዘላትም። «መካኒኳ፣ አንች እንኳ አታድኝውም?»

ኢንሳፍ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ኋላ እንደ እሳት የሚለበልባት ሆነ።

ጧት ሀዲያ ሁለት ጥቅል አስራ በር ላይ አስቀመጠች። እንድሪስ ወደ አይሱዙው ሊያደርሳቸው ጥቅሎቹን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ኢንሳፍ ከኋላው ቆመች።

«አባ፣ ሞተሩ አላለቀም።»

ቀና አለ።

«ፊልትሮው ነው። የውስጡን ጎማ በካቻቢቴ ቀድጃታለሁ። እያወቅሁ ነው ያሰርኩት።»

ይጮህብኛል ብላ ነበር። እንድሪስ ግን አልጮኸም፤ የሚኒባሱ መውጫ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስንት ቀኑ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቀን» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። «እኔ ባንች እጅ ተማምኜ ትናንት እግረ ሕመምተኛ ከደጄ መለስኩ።»

ሀዲያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኢንሳፍ መሬት መሬቱን አየች። በጥፊ ቢመታት በቀለላት ነበር።

ሲጠሩት ሙሐዲን እየሮጠ መጣ። ሞተሩን አስነሱት፤ ተንኳኳ፣ ዝም አለ። እስኪግል ጠበቁና ነዳጅ አስረግጦ አዳመጠው፤ ምንም የለም። አጥፍቶ ወዲያው ሲያስነሳው ያ ድምፅ ጨርሶ አልተሰማም። ሙሐዲን ግንባሩን ያዘ። ያለቀ ሞተር ሲግል ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፣ ይህን ትናንት ማየት ነበረብኝ አለ። ፊልትሮው አዲስ ነው ሲሉት በዚያው ትቶት ነበር። አሁን የሚለወጥ ፊልትሮ በሐይቅ የለም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል።

«በዚሁም ደሴ ይገባል» አለ። «ብቻ እስክትደርሱ አታጥፉት። ደርቆ በተነሳ ቁጥር ነው የሚጎዳው።»

እንድሪስ ሞተሩን እንደተነሳ ተወው። ሀዲያ በጎልማሶች ትምህርት ስትማርበት የከረመችውን ደብተር አወጣችና ለመቀመጫው ሽሚያ እንዳይሆን የሚሄዱትን ስም ፊደል በፊደል ትጽፍ ጀመር። አሥራ አምስት ሰው። መጀመሪያ የጻፈችው መስኡዳንና ሱረያን ነበር።

እንድሪስ ኢንሳፍን ለብቻዋ ጠራት። «ለሰው ሙሐዲን ሠራው እንላለን። ያንችን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ሂጅና እትዬ መስኡዳን አምጫት።»

ይህን ያለው ሊሸፍናት ነው። ኢንሳፍ ራሷን ነቀነቀችና ሮጠች።

እትዬ መስኡዳ ደጃፏ ላይ የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። መኪናው ሊሄድ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«አልሐምዱሊላህ። ሙሐዲን ሠራው?»

አዎ ማለት ይበቃ ነበር። ኢንሳፍ ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«አልሠራውም፣ እትዬ። ድሮም አልታመመም። ፊልትሮውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ትናንት ስትመጪ አውቅ ነበር። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት።»

እትዬ መስኡዳ ዐይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

«ሱረያ የለችም» አለች። «ትናንት ከናንተ ደጅ እንደተመለስን ነው የሄደችው። አርዲቦ ያለች አክስቷ በቅሎ አላት፤ እማዬን በሱ አወጣታለሁ ብላ።»

ኢንሳፍ ወደ አርዲቦ ስልክ ልትመታ ብትሞክርም ኔትወርክ ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ትከሻዬን ያዥና እንሂድ፣ ሱረያን እመንገድ እናገኛታለን ብላ ለመነቻት።

«መንገዷ በዚያ አይደለም፣ ልጄ። በቅሎ እየጎተተች መጥታ ባዶ ቤት ታግኝ? እኔ አልወጣም።» የታመመ እግሯን በእጇ ሰብሰብ አደረገችና፣ «መንገርሽ ደግ ነው» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ለምን ቸኮለች እያልኩ ልጄን ነበር የምወቅሳት።»

እንድሪስ ራሱ መጣ፤ ለመናት፤ አልሆነም። አንድ ሰዓት እንጠብቃት አለ። ሞተሩ እንደተነሳ አንድ ሰዓት ቆመ። ሰው በመኪናው ውስጥ ልጅ ታቅፎ፣ ጥቅል ታቅፎ ጠበቀ። የናፍጣ መለኪያው መርፌ ዝቅ አለ፤ ከውጫሌ በኩል የሚሰማው ድምፅ ቀረበ። በአርዲቦ መንገድ በቅሎ የሚጎትት ሰው አልታየም። በመጨረሻ እንድሪስ መሪው ኋላ ገባ። ኢንሳፍ ወደ እትዬ መስኡዳ ተመልሳ ውሃና ከጥቅላቸው ያለውን ቂጣ ሁሉ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችላት። እትዬ መስኡዳ እጇን ይዛ አንዴ ጨበጥ አደረገቻትና ለቀቀቻት።

መኪናው አስፋልቱን ሲይዝ ጎረቤታቸው አራጋው ከኋላ ወንበር ሆኖ ሁለቱን ባዶ ቦታዎች አየ።

«ሙሐዲን እጁ ይባረክ» አለ። «ግን መስኡዳ የት ቀረች? ሱረያስ?»

እንድሪስ ሊመልስ ወደ መስታወቱ ቀና አለ። ኢንሳፍ ቀደመችው። ከመቀመጫዋ ዞረች፤ የሁሉም ዐይን እሷ ላይ ነበር፣ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«በእኔ ነው የቀሩት» አለች፣ ከፊልትሮው ጀምራም ነገረቻቸው።

ሀዲያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አዳመጠች። ከአሥራ አምስቱ ስም የትኛውንም አልሰረዘችም። በዚያ ጧት ከዚያ ሰፈር በእንድሪስ መኪና የወጣው አሥራ ሦስት ሰው ነው። እትዬ መስኡዳ ደጃፏ ላይ ቀረች፤ ሱረያም ከአርዲቦ አልተመለሰችም ነበር።