ሲያልቅ እንጀምራለን

«አባዬ፣ አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

አባቷ ማኘኩን አቆመ። እንዳይመልስ አፉ ሞልቷል፤ እንዳይክድ ደግሞ የብስኩቱ ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳብቅበታል።

«የመጨረሻው ነው» አለ እንደምንም ውጦ። «መጣሉ ነውር ነው ብዬ እኮ ነው፣ ሚጡ።»

ሚጡ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። አባትና ልጅ ከተማማሉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የትምህርት ቤቱ የወላጅና የልጅ ሩጫ እስኪደርስ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ስኳር የሚባል ነገር ላይነኩ፤ የሰው ልጅ እርሻን ሳያውቅ በፊት ይበላው የነበረውን ብቻ ሊበሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ። ፓሊዮ ይሉታል። ሐሳቡ የሚጡ ነው፤ አባቷም ደስ ብሎት ተቀበለ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። «መጀመሪያ ቤት ያለው ይለቅ። ሲያልቅ እንጀምራለን።»

እናም ማስጨረሱን ተያያዙት። ጠዋት መኮሮኒ፣ ማታ መኮሮኒ። አባቷ አናጢ ነው፤ የጎበጠ ሚስማር እንኳ በመዶሻ አቃንቶ የሚያስቀምጥ ሰው መኮሮኒ ይጥላል ማለት ዘበት ነው። ዱቄት ላይበሉ የማሉት ሁለት ሰዎች በዕድሜያቸው በልተው የማያውቁትን ያህል ዱቄት በሉ። የአባቷ ቀበቶም አንድ ቀዳዳ ሰፋ።

ሚጡ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ከፋት። ሩጫው ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ባለፈው ዓመት አባቷ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ያዩት ልጆች መሳቃቸው ለእሷ ምኗም አልነበረም። ያንገበገባት ሌላ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ውድድሯን ሊያይ አልመጣም። ሁልጊዜ ሥራ አለበት።

የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን ከፈተችና ያልተነኩትን እሽጎች በሙሉ አምስት ልጆች ላሏት ጎረቤታቸው አሸክማ ሰጠቻት። ጎረቤቲቱ «ሱቅ ልትዘጉ ነው እንዴ?» ብላ እየሳቀች ተቀበለቻቸው።

ስትመለስ የተከፈቱት ብቻ ቀርተዋል፤ ከሌላ እሽግ የተረፈ የለሰለሰ ብስኩት፣ ነቀዝ የገባበት ዱቄት፣ ግማሽ ጠርሙስ የእንጆሪ ማርማላታ።

«የተከፈተ ለሰው አይሰጥም» አለ አባቷ። ዓይኑ እያበራ ሁለት ማንኪያ አወጣ። «እኩል እኩል። ከነገ ጀምሮ ጾማችን ነው።»

ማርማላታ ለሚጡ ነፍሷ ነው። ሳታስበው ማንኪያውን ተቀበለች። ሽታው ብቻውን ምራቋን አመጣው። ነገ ግን ሌላ የሚያልቅ ነገር እንደሚገኝ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ወርክሾፕህ ውስጥ ሰጋቱራ ሲከማች ምን ታደርገዋለህ?»

«ጠርጌ አወጣዋለኋ!»

«ለምን? ጥሩ እንጨት እኮ ነበር።»

«ካላወጣሁትማ መቆሚያም...» ሳይጨርሰው ቀረ። ማርማላታውን አየ። ሆዱን አየ። «አንቺ ልጅ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው!»

«ትንሽ።» ከዚያ ድምጿ ቀጠነ። «ሩጫውን ባትጨርሰውም ግድ የለኝም፣ አባዬ። ውድድሬ ላይ ሳጣህ ነው የሚከፋኝ።»

አባቷ ጠርሙሱን አገላበጠ።

«አፍሬ እኮ ነው የቀረሁት» አለ። «ሥራ ኖሮብኝ አልነበረም።»

ሚጡ ማንኪያዋን መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተች። የአባቷንም ማንኪያ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። ከዚያ የቆሻሻውን ባልዲ ራሱ ጎተተና መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ጠርሙሱን ደፋው። ማርማላታው አልወርድም ብሎ አስቸገረ። ሲያራግፈው፣ ሲመታው፣ ሲለማመጠው ሚጡ በሳቅ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱም ሳቀ። ብስኩቱና ዱቄቱ ሲከተሉ ዓይኑን አልጨፈነም።

«የስፖርት ጫማዬ የት ነው ያለው?» አለ እጁን እየታጠበ።

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! ሳይመሽ።»

መንገዱ ላይ ወጡ። አባቷ ገና መታጠፊያው ሳይደርስ ማለክለክ ጀመረ፤ ግን አልቆመም። ሚጡ ብትፈልግ ጥላው መብረር ትችል ነበር። እርምጃዋን አሳጠረችና ከጎኑ ሆነች።