ማንም ያልገፋው

በዘረምና ምድር የላሞች ወተት በአንድ ማለዳ ወደ መግል ተለወጠ፤ ግማቱም ከተማውን አፈነው። ከከተማው ውጭ ካለው ረግረግ ማዶ፣ በጉድጓድ ውስጥ፣ የሰውን ሁሉ ዕጣ ያውቃል የሚባል ሞርጋት የተሰኘ ግዙፍ ትል ይኖር ነበር። አገልጋዮቹ ምልክቱን ፈቱት፤ ሞርጋት የሰው ሥጋ አምሮታል አሉ። በዚያ አገር ነፍሰ ገዳይ እንኳ ግንባሩን በትሉ ልጋግ ቀብቶ «ዕጣዬ ነው» ካለ አይጠየቅም ነበር።

የሚበላው ሰው እንዲለይ ዕጣ ሲጣል፣ ናሂላ በተባለች ወጣት ታናሽ እህት በሲራኒ ላይ ወጣ። አባታቸው አልታም ልጁን በገዛ እጁ አስረከበ፤ ትሉም በላት። አልታም ቤቱ ገብቶ እጁን ታጠበና ምሳውን በላ። ናሂላ አጥንት ሲግጥ አየችው። የእናቷን ሰይፍ አነሣች፤ ሞርጋትን ሳትገድል ከዚያ ቤት እህል እንደማትቀምስም ማለች። የሲራኒ እጮኛ ድርሳም ተከተላት።

እስከ ወገባቸው በልጋግ ተነክረው፣ አልቅት ከአንገታቸው እየነቀሉ ረግረጉን ተሻገሩ። ትሉ ከጉድጓዱ ራሱን ቀና አደረገ። ዐይን የለውም፤ በጥርሶቹ መካከል የሰው ፀጉር ተንጠልጥሏል። አንዱን ሹሩባ ድርሳም ለየው።

ሞርጋት በለሰለሰ ድምፅ፣ መምጣታቸው ከጥንት የተወሰነ መሆኑን፣ ጥላቻውንም በልባቸው ያኖረው ዕጣ እንደሆነ፣ እርሱም ሰው መብላቱ ወንዝ ቁልቁል ከመፍሰሱ እንደማይለይ ነገራቸው። ድርሳም ወደ መጡበት መንገድ ዞሮ አየ።

ናሂላ ግን እንዲህ አለችው፦ «እኔ የማምነውን የማምነው ተገድጄ ከሆነ፣ አንተም የምትለውን የምትለው ተገድደህ ነው፤ እውነት ስለሆነ አይደለም። እንግዲያ ቃልህ እንደ ግሣትህ ነው። ግሣትን ማን ያምናል? እኔ ግን መዝኜ ነው የናቅሁህ።»

ትሉ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በጉሮሮው ጥልቀት ልቡ ሲመታ ታየ፤ ከውጭ የቆመ ሰው ሰይፍ ግን አይደርስበትም። ናሂላ ወደ አፉ ልትገባ ስትል ድርሳም ሰይፉን ከእጇ ወሰደ።

«የመመለሻው መንገድ ክፍት ነው» አላት። «ማንም አልገፋኝም። ይህን መስክሪልኝ።»

ገባ። የትሉ ጥርሶች ገጠሙ። ሞርጋት ተንፈራገጠ፤ ጥቁር መግል ተፍቶም ሞተ። ድርሳም አልወጣም።

ናሂላ ስትመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት። ሽማግሌዎቹ ግን የትሉም ሞት ቢሆን አስቀድሞ የተወሰነ ነው ብለው ተስማምተው ነበር። አባቷ እጁን ዘርግቶ ቀረበ።

«ልጄ፣ ሁሉም ዕጣ ነው» አላት።

እጁን አልነካችውም። «ድርሳም መመለስ ይችል ነበር፤ አልተመለሰም። አንተም እንቢ ማለት ትችል ነበር፣ አባቴ።»

አልታም የሚያግዘው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ተመለከተ። አጠገቡ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ፣ በሕዝቡ ፊት፣ የበላውን አስመለሰ።